ዴልፊ ሙዚየም ሲሄዱ እነዚህን ስህተቶች አይሥሩ

ዴልፊ ከአቴንስ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። የጥንት ግሪኮች የአምላካቸውን የአፖሎን ትንቢት ሊጠይቁ የሚመጡት እዚህ፣ ፓርናሶስ ተራራ ወገብ ላይ ነበር። ከፍርስራሹ የወጣው ቅርስ አጠገቡ ባለው ሙዚየም ተቀምጧል። እኔ መጀመሪያ ስሄድ ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን ሠርቻለሁ።

ደክሞ መግባት። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ወደ ፍርስራሹ ይወጣል። ቦታው ደግሞ ዳገት ነው፤ ከቤተ መቅደሱ በላይ ቴአትሩ፣ ከቴአትሩ በላይ ስታዲየሙ አለ። በበጋ ፀሐይ ያንን ወጥቶ የወረደ ሰው ሙዚየም ሲደርስ ዓይኑ የሚፈልገው ሐውልት ሳይሆን ወንበር ነው። እኔ ሁሉንም በሃያ ደቂቃ ጨርሼ ወጣሁ። ገና በጠዋቱ ዳገቱን ይጨርሱ፣ ውኃ ጠጥተው እግርዎን ያሳርፉ፣ ከዚያ ለሙዚየሙ አንድ ሰዓት ተኩል ይስጡት። የመክፈቻና የመዝጊያ ሰዓቱ በክረምትና በበጋ ስለሚለያይ ከመነሳትዎ በፊት ያጣሩ።

ዓመቱን ገልብጦ ማንበብ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ሲሆን ቁጥሩ የበለጠው ይቀድማል፤ የ525 ሥራ ከ478ቱ በዕድሜ ይበልጣል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን እሷን የሳተ ሰው የትኛው ሐውልት ከየትኛው እንደተማረ ሳይገባው ይወጣል።

የሲፍኖስን ግምጃ ቤት ቀና ሳይሉ ማለፍ። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ሲፍኖስ በወርቅና በብር ማዕድን የከበረች ደሴት ነበረች። በ525 ዓመት ገደማ ከክርስቶስ ልደት በፊት ለአፖሎን ስጦታዋ ማስቀመጫ የሚሆን የእብነ በረድ ቤት ሠራች፤ የግንቡን አናት የሚዞረው የተቀረጸ ረድፍ አሁን ሙዚየሙ ውስጥ ነው። የምሥራቁን ጎን ይፈልጉ። በግራ አማልክቱ ተቀምጠው ይከራከራሉ፣ አንዱ የሌላውን ትከሻ ነካ እያደረገ። በቀኝ የትሮይ ጦርነት ነው፤ መሬት ላይ በወደቀ ሬሳ ግራና ቀኝ የግሪኮቹ ጀግና አኪሌስና ሜምኖን ተፋጠዋል።

ሜምኖን በግሪኮቹ ተረት የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ነው። ጥቁር ፊት ፈልገው እንዳይደክሙ፤ ቀራጩ ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት የግሪክ ወታደር አድርጎታል። ግሪኮቹ «ኢትዮጵያ» ሲሉም የዛሬዋን ካርታ አልነበረም፤ ከግብፅ ወዲያ ያለውን የሩቅ ሕዝብ አገር ነው። ቢሆንም ስሙን እያወቁ ፊቱ መቆም ሌላ ነገር ነው። ማን ማን እንደሆነ የታወቀው ስማቸው ድንጋዩ ላይ በቀለም ተጽፎ ስለነበር ነው። ይህ ደግሞ ሌላ ስህተት ያርማል፦ እብነ በረዱ ነጭ ሆኖ እንዲታይ የተሠራ አይደለም። ሰማያዊውና ቀዩ ቀለም በዘመን ብዛት ረግፎ ነው።

ጽሑፍ ብቻ ያለበትን ድንጋይ መዝለል። ከአቴናውያን ግምጃ ቤት ግድግዳ የመጡ፣ በ2ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት የተቀረጹ ሁለት የአፖሎን መዝሙሮች አሉ። በመስመሮቹ መካከል፣ ከቃላቱ በላይ፣ ጥቃቅን ፊደላት ተደርድረዋል፤ ዜማው እነሱ ናቸው። ድጓ ገልጦ የሚያውቅ ሰው፣ ከቃሉ በላይ የሚጻፈውን ምልክት የለመደ፣ ያለ አስረጂ ይገባዋል። ዝምድና አላቸው ማለቴ አይደለም።

ሠረገላ ነጂውን ከፊት አይቶ መሄድ። መጨረሻው ክፍል ውስጥ ብቻውን የቆመው ነሐስ ነው፤ ቁመቱ 1.80 ሜትር። በሲሲሊ የጌላ ገዥ የነበረው ፖሊዛሎስ በ478 ወይም በ474 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ለተገኘ የሠረገላ ውድድር ድል ያቆመው ነው። በ373 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ተቀብሮ እ.ኤ.አ. በ1896 ወጣ። የጥንት ነሐስ አብዛኛው ቀልጦ ለሌላ ነገር ውሏል፤ ይህን ያተረፈው መቀበሩ ነው። ጠጋ ብለው ሽፋሽፍቱን ይዩ፤ አንድ በአንድ ተሠርቷል። ከንፈሩ መዳብ ነው፣ የራስ ማሰሪያው ላይ ብር ገብቷል። ከዚያ ዙረው ወደ እግሩ ያጎንብሱ። ሠረገላው ውስጥ ቆሞ ሳለ ማንም የማያየው እግር ነበር፤ የደም ሥሩ ሳይቀር ተሠርቶለታል።

ፎቶ ይነሣል፤ ፍላሽ ግን ክልክል ነው። ከሐውልቱ ጎን ተደግፎ መነሣትንም ጥበቃዎቹ አይወዱም።

የመመለሻውን አውቶቡስ መርሳት። በቀን ጥቂት ናቸው። ሲወርዱ ሰዓቱን ይጠይቁ።