በወኪል በኩል የመኪና መድን ሲገዙ

የመድን ወኪል የሚወክለው መድን ሰጪውን ነው፤ ገቢውንም በአብዛኛው ከሚሸጠው ውል በኮሚሽን መልክ ያገኛል። ይህ ታማኝነቱን የሚያጎድፍ ባይሆንም፣ ለደንበኛው ወግኖ ድርጅቶችን የማወዳደር ሥራ የደላላ እንጂ የወኪል ባለመሆኑ ማወዳደሩ የእርስዎ ድርሻ ይሆናል። ስለዚህ የሥራ ፈቃዳቸው የጸና ሁለት ወይም ሦስት ወኪሎችን ያነጋግሩ።

የሦስተኛ ወገን መድን እርስዎ በሌሎች ሰዎች አካልና ንብረት ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት ብቻ ይሸፍናል፤ የራስዎ መኪና በግጭት፣ በቃጠሎ ወይም በስርቆት ለሚደርስበት ጉዳት ግን ሰፋ ያለ ሽፋን ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው የሚጎዳው በአረቦን (ለመድኑ በሚከፈለው ዋጋ) ማነስ ተማርኮ ሲፈርም ነው። አረቦኑ ያነሰው በእያንዳንዱ አደጋ ከኪስዎ የሚከፍሉት የመጀመሪያ ወጪ ከፍ ስለተደረገ፣ ወይም የመኪናው ዋጋ ዝቅ ተደርጎ ስለተመዘገበ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም በብዙ ውሎች መሠረት በገበያ 800,000 ብር የሚያወጣ መኪና በ400,000 ብር መድን ከተገባለት፣ መድን ሰጪው ለከፊል ጉዳትም ቢሆን የጥገናውን ግማሽ ብቻ ስለሚከፍል፣ 100,000 በሚፈጅ ጥገና 50,000ውን ባለቤቱ ይሸፍናል። ዋጋውን አጋንኖ ማስመዝገብም አይጠቅምም፤ ካሳ ከደረሰው ጉዳት አይበልጥምና። አዲስ መለዋወጫ ሲገባ ስለ እርጅና የሚቀነስ ነገር መኖሩንም ሳይጠይቁ አይለፉ።

የማመልከቻ ቅጹን ወኪሉ ሊሞላልዎት ቢችልም ለመልሱ ኃላፊው ፈራሚው ነውና፣ እያንዳንዱን መልስ ሳያነቡ፣ ይልቁንም በባዶ ቅጽ ላይ፣ ፈጽሞ አይፈርሙ። ለቤት አገልግሎት ተብሎ የተመዘገበ መኪና በኪራይ ሲሠራ አደጋ ቢደርስበት፣ ወይም ያለፈ አደጋ ተደብቆ ከተገኘ፣ ካሳው ሊከለከል ይችላል። ወኪሉ «ይህም ይሸፈናል» ካለዎት የትኛው አንቀጽ እንደሆነ ያሳይዎት፤ በውሉ ከሌለ ድርጅቱ በፊርማና በማኅተም አረጋግጦ ከውሉ ጋር እንዲያያይዘው ይጠይቁ።

የወኪሉ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው አደጋ በደረሰ ቀን ስለሆነ፣ አደጋ በስንት ቀን ውስጥ መገለጽ እንዳለበት፣ በሌሊት ለማን እንደሚደወል፣ ጋራዡን የሚመርጠው ማን እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁት፤ መልሱ የተድበሰበሰ ከሆነ ሌላ ወኪል መፈለጉን እመርጣለሁ።

ክፍያውን በወኪሉ የግል ሒሳብ አያስገቡ፤ ደረሰኙ በመድን ሰጪው ስም ይሁን። ውሉ ሲደርስዎ የሰሌዳ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሮቹን ከመኪናው የባለቤትነት ደብተር ጋር ያመሳክሩ፤ ውሉ መመዝገቡንም ወደ ድርጅቱ በቀጥታ ደውለው ያረጋግጡ።