የካቶሊክ ቀብር እንዴት ይሰናዳል? በውጭ አገር ለሚኖር ቤተሰብ

ካቶሊክ ዘመድ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ሲያርፍ፣ ቤተሰቡ ገና ዕንባው ሳይደርቅ «ይቀበር ወይስ ይቃጠል?» ተብሎ ይጠየቃል። ይህን ጥያቄ ለሐዘን ሰዓት አታቆዩት። አንደበቱ ሳይዘጋ ራሱን ጠይቁት፤ ፈቃዱንም በጽሑፍ ያኑር።

ሕመሙ ሲጠና ቄስ ጥሩ። ንስሐ፣ ቅዱስ ቁርባንና ምስጢረ ቀንዲል የሚሰጡት በሕይወት ላለ ሰው ነው። «ቄስ ካየ ይደነግጣል» ብሎ ማዘግየት በሽተኛውን በጣም የሚያስፈልገውን ነገር መከልከል ነው።

ካረፈ በኋላ መጀመሪያ ወደ ቁምስናው (ወደ አጥቢያው ቤተ ክርስቲያን) ደውሉ፤ ከቀብር አስፈጻሚው ድርጅት ጋር ቀን የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። በላቲን ሥርዓት (በምዕራቡ የካቶሊክ ሥርዓት) ከጸሎተ ሐሙስ እስከ ትንሣኤ፣ እንዲሁም በዐቢይ ጾምና በትንሣኤ ወቅት እሑዶች የፍትሐት ቅዳሴ አይቀደስም። ሟቹ የግዕዝ ሥርዓት (የኢትዮጵያና የኤርትራ ካቶሊኮች ሥርዓት) ተከታይ ከነበረ ለቆሞሱ፣ ማለት ለቁምስናው ኃላፊ ካህን፣ ንገሩት፤ በአቅራቢያው የሥርዓቱ ካህን ካለ በለመደው ዜማ እንዲፈታው መጠየቅ ይቻላል።

የላቲኑ ሥርዓት የዋዜማ ጸሎት፣ የፍትሐት ቅዳሴና የመቃብር ጸሎት አለው። ሣጥኑ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርስ ጸበል ይረጫል፣ ነጭ ልብስ ይለብሳል፤ የትንሣኤው ሻማም አጠገቡ ይበራል። እነዚህ ሁሉ የሟቹን ጥምቀት ያስታውሳሉ። በአሜሪካ፣ ሣጥኑ ሰንደቅ ዓላማ ለብሶ ከመጣ ሰንደቁ እዚያው ደጃፍ ላይ ይነሣል። የሕይወት ታሪኩን በዋዜማው ብታነቡ ይሻላል፤ የቅዳሴው ስብከት ስለ ትንሣኤ ተስፋ ነውና። ከቁርባን በኋላ አንድ ሰው አጭር ቃል እንዲናገር ግን ቆሞሱን ማስፈቀድ ይቻላል።

አስከሬን ማቃጠል እስከ 1963 እ.ኤ.አ. የተከለከለ ነበር። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን መቅበርን አጥብቃ ትመክራለች፤ ማቃጠሉም የክርስትናን እምነት በመቃወም ካልተመረጠ አትከለክልም። ከመረጣችሁት ቅዳሴው አስከሬኑ ባለበት ይቀደስ፣ ማቃጠሉ ከዚያ በኋላ ይሁን። ይህ ካልሆነላችሁ፣ በአሜሪካ ከ1997 ጀምሮ አመዱን ወደ ቅዳሴው ማስገባት ተፈቅዷል።

ቤተሰብ የሚጋጨው ብዙውን ጊዜ በአመዱ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ቫቲካን ባወጣችው መመሪያ መሠረት አመዱ በተቀደሰ ስፍራ ይቀመጣል፤ በመቃብር ወይም ለዚሁ በተሠራ ግድግዳ ውስጥ። ባሕር ላይ መበተን፣ ከአንገት ሐብል ጋር ማሠራት አይፈቀድም፤ ቤት ማስቀመጥም እንዲሁ፣ የተለየ ሁኔታ ካላጋጠመ በቀር። በ2023 መጨረሻ ግን አንድ በር ተከፈተ፦ ቤተሰቡ ከጠየቀ፣ ከአመዱ ጥቂት ብቻ በሟቹ ሕይወት ትርጉም በነበረው ቦታ በክብር እንዲቀመጥ የቤተ ክርስቲያን ኃላፊዎች ሊፈቅዱ ይችላሉ። ልቡ አገር ቤት ለቀረ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሳትጠይቁ ግን አመዱን አትከፋፍሉት።

አስከሬኑን ወደ ኢትዮጵያ የምትልኩ ከሆነ ፍትሐቱ በምትኖሩበት አገር ተደርጎ የመቃብሩ ጸሎት አገር ቤት ሊፈጸም ይችላል። የሞት ምስክር ወረቀቱንና የኤምባሲውን ጉዳይ ወዲያው ጀምሩ።

ሟቹ ራሱን ያጠፋ ቢሆንም አፍራችሁ ከቤተ ክርስቲያን አትሽሹ፤ በ1983 እ.ኤ.አ. በወጣው የቤተ ክርስቲያን ሕግ ራስን ማጥፋት ፍትሐት ከሚያስከለክሉት ምክንያቶች መካከል የለም። ሳይጠመቅ ለሞተ ሕፃንም፣ ወላጆቹ ሊያስጠምቁት አስበው ከነበረ፣ ፍትሐት እንዲደረግለት ጳጳሱ ሊፈቅዱ ይችላሉ። ገንዘብ ካጠራችሁም ለቆሞሱ በግልጽ ንገሩት፤ ድሀ የሚገባውን ፍትሐት እንዳያጣ ሕጉ ራሱ ያዝዛል።