በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ፦ ከመግዛትዎ በፊት እንዴት ያወዳድራሉ?

ሁለት የጂፒኤስ መሣሪያዎችን ጎን ለጎን ይዞ፣ አንዱ «ትክክለኛነት 3 ሜትር»፣ ሌላው «5 ሜትር» ሲል አይቶ የመጀመሪያውን መምረጥ የተለመደ ስህተት ነው። ያ ቁጥር መሣሪያው ስለ ራሱ የሚሰጠው ግምት እንጂ ልኬት አይደለም። አምራቾች በየራሳቸው ቀመር ያሰሉታል፤ አንዱ ደፋር፣ ሌላው ጠንቃቃ ነው። 3 ያለው 8 ሜትር ስቶ ሊገኝ፣ 5 ያለው ደግሞ 2 ሜትር ላይ ሊያርፍ ይችላል። የትኛው እንደሚሻል የሚታወቀው መሬት ላይ ሲለካ ነው፤ ለዚያም ሁለቱ አስቀድመው በአንድ ዓይነት ቅንብር ላይ መሆን አለባቸው።

ልዩነቱ የሚመጣው ከየት ነው?

መሣሪያው ያለበትን ቦታ የሚያሰላው ወደ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች የሚመጣው ምልክት ለመድረስ የፈጀውን ጊዜ ለክቶ ነው። ከፍታን ጨምሮ ቦታን ለማወቅ ቢያንስ 4 ሳተላይት መታየት አለበት። ሰማዩ ወለል ብሎ በሚታይበት ሜዳ ላይ ርካሹም ውዱም መሣሪያ፣ ስልክም ጭምር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ሜትር ብዙም አይርቅም። እዚያ ማወዳደር የሚያስተምረው ጥቂት ነው። መሣሪያዎቹ የሚለዩት ጥቅጥቅ ባለ ደን፣ ገደል ሥርና ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ነው። ምልክቱ ከዐለት ወይም ከእርጥብ ቅጠል ነጥሮ ሲደርስ ከእውነተኛው የረዘመ መንገድ ስለሚጓዝ፣ መሣሪያው ቦታዎን በአሥሮች ሜትር ወደ ጎን ገፍቶ ሊያሳይ ይችላል።

ይህን ስህተት የሚቀንሱ ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የሚያነባቸው የሳተላይት ሥርዓቶች ብዛት ነው፦ የአሜሪካው ጂፒኤስ፣ የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊልዮ፣ የቻይናው ቤይዱ። ከፊል ሰማይ በተሸፈነበት ቦታ ብዙ ሥርዓት ማንበብ ማለት በቀረችው ክፍተት ውስጥ ተጨማሪ ሳተላይት ማግኘት ማለት ነው። ሁለተኛው ባለ ሁለት ሞገድ ተቀባይ ነው። ተራው መሣሪያ የሚያነበው ኤል 1 የተባለውን 1575.42 ሜጋኸርዝ ብቻ ሲሆን፣ ባለ ሁለት ሞገዱ ኤል 5 የተባለውን 1176.45 ሜጋኸርዝም ይጨምራል፤ ኤል 5 የነጠረውን ምልክት ከቀጥታው ለመለየት የተሻለ ነው። የጋርሚን ኩባንያ ጂፒኤስማፕ 65ኤስ እና 67 በሁለት ሞገድ ይሠራሉ። የዚያው ኩባንያ ኢትሬክስ 22ኤክስ ደግሞ ጂፒኤስና ግሎናስን በአንድ ሞገድ ያነባል። ከሥርዓቶቹ ብዛት ይልቅ ለሁለቱ ሞገዶች ክብደት ይስጡ።

ሦስተኛው አንቴናው ነው፤ ሻጭም ገዥም የሚዘነጋው እሱን ነው። ከላይ እንደ ጉቶ ብቅ ያለ አንቴና ያላቸው መሣሪያዎች ውስጣቸው የተጠማዘዘ ሽቦ ስላለ ቀጥ ብለው ሲያዙ ይመቻቸዋል። አንቴናቸው ጠፍጣፋ የሆነ፣ ለምሳሌ ኢትሬክስ፣ ስክሪናቸው ወደ ሰማይ ዞሮ ሲተኙ ይሻላቸዋል። ጠፍጣፋውን አቁመው፣ ጉቶ ያለውን አስተኝተው ቢያወዳድሩ አንዱንም በትክክል አልፈተኑም። ቀበቶ ላይ ማንጠልጠልም ጥሩ አይደለም፦ አብዛኛው ሰውነት ውኃ ስለሆነ የሰማዩን ግማሽ ይጋርዳል። የቦርሳው የትከሻ ማሰሪያ የተሻለ ቦታ ነው።

ፈተናው

ሁለቱም ላይ የቅርብ ጊዜውን ሶፍትዌር ይጫኑ። ተመሳሳይ የሳተላይት ሥርዓቶችን ይክፈቱ፣ የኃይል ቁጠባውን ያጥፉ፣ ዱካ መመዝገቢያውን በየ1 ሰከንዱ ያድርጉ። ኃይል ቁጠባ አንዱ ላይ ብቻ በርቶ ከቀረ፣ መሣሪያው ነጥቦችን እያራራቀ ስለሚመዘግብ ዱካው ማዕዘኖችን ይቆርጣል፤ የመሣሪያው ድክመት ግን አይደለም።

ከዚያ ሁለቱንም ክፍት ሰማይ ሥር 20 ደቂቃ ያቆዩ። የሳተላይቶቹን ሙሉ መርሐ ግብር ከጂፒኤስ ምልክት ለማውረድ 12.5 ደቂቃ ይፈጃል። ለወራት ጠፍቶ የቆየ ወይም በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ የተወሰደ መሣሪያ ይህን ሳይጨርስ ቢፈተን ያለ ጥፋቱ ይወድቃል።

ለፈተናው ነጥብ ልኩ በይፋ የታወቀ የቀያሽ ምልክት ከተገኘ ከእሱ የሚሻል የለም። ከሌለ በአየር ፎቶ ላይ ጥርት ብሎ የሚታይ የግንብ ማዕዘን ይጠቀሙ፤ ነገር ግን ፎቶው ራሱ በጥቂት ሜትር ሊዛነፍ ስለሚችል ውጤቱ ሁለቱን እርስ በርስ ለማነጻጸር እንጂ ፍጹም ትክክለኛነትን ለመናገር አያገለግልም። መሣሪያውን ነጥቡ ላይ አኑረው ይመዝግቡ፣ 200 ሜትር ያህል ርቀው ይመለሱ፣ እንደገና ይመዝግቡ። በ5 ደቂቃ ውስጥ ደጋግሞ መመዝገብ ግን ራስን ማታለል ነው፦ ሳተላይቶቹ በዚያ ጊዜ ብዙም ስላልተንቀሳቀሱ ስህተቱ ራሱን ይደግማል፣ አሥሩም ነጥብ አንድ ላይ ተሰብስቦ ያምራል። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ፣ ቢቻል በ2 የተለያዩ ቀናት ይለኩ። ልዩነቱን ወደ ሜትር ለመለወጥ፣ በኬክሮስ 0.00001 ዲግሪ 1.1 ሜትር ገደማ ነው፤ በኬንትሮስ ደግሞ ከምድር ወገብ በራቁ ቁጥር ከዚያ ያንሳል።

ቀጥሎ የእግር ጉዞው ይመጣል። ዛፍ ያለበትና ከገደል ጎን የሚያልፍ መንገድ መርጠው 2 ኪሎ ሜትር ያህል ይሂዱ፣ በዚያው መንገድ ይመለሱ። ሁለቱ መሣሪያዎች ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይራራቁ። ቤት ሲደርሱ ዱካዎቹን በጂፒኤክስ ፋይል (ዱካ የሚቀመጥበት የተለመደ የፋይል ዓይነት) አውጥተው ካርታ ላይ ይደራርቡ። ጥሩ መሣሪያ የሄደበትና የተመለሰበት መስመር ተቀራራቢ ነው፤ ደካማው ሁለት የተለያየ መንገድ የሄደ ያስመስለዋል። የተጓዘውን ርቀት የሚያሳየውን ቁጥር ግን ለፍርድ አይጠቀሙበት። ቆመው ሳሉ ነጥቡ ስለሚዋዥቅ ርቀቱ ሳይሄዱበት ይጨምራል፣ ነጥቦች ሲራራቁ ደግሞ ይቀንሳል። ሁለት ስህተቶች ተጣፍተው ትክክለኛ ቁጥር ሊወጣም ይችላል።

ባትሪ

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ የስክሪኑ መብራት ደብዝዞ ወይም ጠፍቶ የተለካ ነው። በአምራቹ አገላለጽ ጂፒኤስማፕ 65ኤስ በ2 ደብል ኤ ድንጋይ 16 ሰዓት፣ ኢትሬክስ 22ኤክስ 25 ሰዓት፣ ባለ ጥቁርና ነጭ ስክሪኑ ኢትሬክስ ኤስኢ 168 ሰዓት፣ አብሮት የተሠራ ባትሪ ያለው ጂፒኤስማፕ 67 ደግሞ 180 ሰዓት ይሠራሉ። እርስዎ በሚጠቀሙበት ብርሃን፣ ካርታው ተከፍቶ፣ ዱካ እየመዘገበ እስኪጠፋ ድረስ አንዴ ይፈትኑት።

በድንጋይ የሚሠራው ትርፉ ሲያልቅ መለወጥ መቻሉ ነው። ግን ሜኑው ውስጥ የድንጋዩን ዓይነት መምረጥ አለብዎ። ተራው አልካላይን 1.5 ቮልት ሲሆን፣ ቻርጅ የሚደረገው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ 1.2 ቮልት ነው፤ መሣሪያው አልካላይን ነው ብሎ ካሰበ አዲስ የሞላውን ድንጋይ ገና ከጅምሩ ግማሽ ያለቀ አድርጎ ያሳያል። በብርድ አልካላይን ቶሎ ይደክማል፤ ሊቲየም ደብል ኤ ይቋቋማል። አብሮ የተሠራ ሊቲየም አዮን ባትሪን ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ማድረግ ይጎዳዋል፤ ሌሊት የመኝታ ከረጢት ውስጥ ያሳድሩት።

ኮምፓስና ከፍታ

ኮምፓስ የሌለው መሣሪያ አቅጣጫ የሚያውቀው ሲንቀሳቀሱ ብቻ ነው፤ መንገድ መገንጠያ ላይ ቆመው ሲያዩት ቀስቱ ይቅበዘበዛል። ኢትሬክስ 22ኤክስ እንዲህ ነው፤ 32ኤክስ ግን ባለ ሦስት አቅጣጫ ኮምፓስና ባሮሜትር አለው። በሁለቱ መካከል ያለው ዋናው ልዩነት ይኸው ስለሆነ ለተጨማሪው ገንዘብ የሚወስኑት በዚህ ነው። ባለ ሁለት አቅጣጫ ኮምፓስ በጠፍጣፋው ካልተያዘ ይስታል። ድንጋይ በለወጡ ቁጥር ኮምፓሱን ካሊብሬት ያድርጉ (ልኩን እንደገና ያስተካክሉ)፣ ከመኪናና ከስልክ ራቅ ብለው። የኮምፓስ ፈተና አንዱን መሣሪያ አርቀው በየተራ ይደረግ፤ ጎን ለጎን ካሉ አንዱ ሌላውን ያስታል። ሁለቱም ወይ በእውነተኛው ሰሜን ወይ በማግኔቱ ሰሜን ላይ መሆናቸውን ያረጋግጡ።

ባሮሜትሩ ከፍታን የሚያነበው ከአየር ግፊት ነው። ባሕር ወለል አካባቢ የ1 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ) ለውጥ ወደ 8 ሜትር ከፍታ፣ 3,000 ሜትር ላይ ደግሞ ወደ 11 ሜትር ይሆናል። ሌሊቱን ግፊቱ በ3 ሄክቶፓስካል ከወረደ፣ ከድንኳንዎ ሳይወጡ ከ25 እስከ 30 ሜትር «ወጥተው» ያድራሉ። ከፍታው በካርታ ላይ የተጻፈ ቦታ ሲደርሱ ያስተካክሉት።

ካርታና መጋጠሚያ

መሣሪያው ይሰደባል እንጂ ብዙ መሳት የሚመጣው መጋጠሚያው (ቦታን የሚገልጹት የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥሮች) ከሚሞላበት መንገድ ነው። አንዱ 9.30 ዲግሪ፣ ሌላው 9 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ተብሎ ቢሞላ ቁጥሮቹ ይመሳሰላሉ፤ በኬክሮስ ግን 22 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ፣ ምክንያቱም 30 ደቂቃ ግማሽ ዲግሪ ነው። ዳተሙም (ካርታው ቦታዎችን የሚቆጥርበት የምድር መለኪያ መነሻ) እንደዚያው፦ መሣሪያው ብዙ ጊዜ በደብሊውጂኤስ 84 ላይ ሆኖ ይመጣል፣ የቆየ የወረቀት ካርታ ግን በሌላ ዳተም ሊሆን ስለሚችል መሬት ላይ ከ100 ሜትር በላይ ልዩነት ሊመጣ ይችላል። የካርታው ጠርዝ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብበው መሣሪያውን ከእሱ ጋር ያስማሙ።

የዱካ ማኅደረ ትውስታውንም ያስሉ። 10,000 ነጥብ የሚይዝ መሣሪያ በየ1 ሰከንዱ ከመዘገበ በ2 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ይሞላል፤ በየ10 ሰከንዱ ከሆነ ወደ 28 ሰዓት ይደርሳል። ሲሞላ አሮጌውን ይደመስስ ወይስ ለብቻው ያስቀምጥ የሚለውን ቅንብር ይዩ፤ የመነሻዎ ዱካ የሚጠፋው በዚህ ነው።

ስክሪን በቀን ብርሃን፣ መብራቱ ጠፍቶ ይፈተናል። ንክኪ ስክሪን ቤት ውስጥ ይመቻል፤ በዝናብና በወፍራም ጓንት ግን ቁልፍ ያለው ይሻላል። አይፒኤክስ 7 የሚለው ምልክት 1 ሜትር ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይቋቋማል ማለት ነው፤ የድንጋይ ክዳኑ ጎማ ላይ አሸዋ ካለ ግን ምልክቱ አያድንም።

ጂፒኤስ ይቀበላል እንጂ አይልክም፤ መሣሪያው ስለያዙ ብቻ ማንም ያሉበትን አያውቅም። መልእክትና የድረሱልኝ ጥሪ የሚልኩት እንደ ጂፒኤስማፕ 67አይ ያሉ፣ ኢሪዲየም በተባሉ የመገናኛ ሳተላይቶች የሚሠሩ ናቸው፤ እነሱም የአገልግሎት ክፍያ ይፈልጋሉ።

ያገለገለ ሲገዙ የድንጋይ መያዣውን ከፍተው አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ይፈልጉ፣ እያንዳንዱን ቁልፍ ይጫኑ፣ ከዚያ ውጭ አውጥተው ሳተላይት ሲይዝ ቀኑን ያንብቡ። ጂፒኤስ ሳምንታትን እስከ 1024 ቆጥሮ ከዜሮ ይጀምራል፤ ለመጨረሻ ጊዜ የዞረው በሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. ነው። ያረጀ ሶፍትዌር ያለው መሣሪያ ቀኑን ከ19 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሊያሳይ ይችላል፤ ቦታውን በትክክል ቢሰጥም በዱካው ላይ የሚመዘገበው ቀን የተሳሳተ ይሆናል። አምራቹ ማስተካከያ ያወጣለት መሆኑን ሳያረጋግጡ አይክፈሉ።