ጥርት ያለ የስሪዲ አልትራሳውንድ ምስል እንዴት ይነሳል?

በደብረ ብርሃን የጠዋት ብርድ የመጀመሪያው ሥራ ጄሉን ማሞቅ ነው። የቀዘቀዘ ጄል ሆድ ላይ ሲያርፍ ነፍሰ ጡሯ ትኮማተራለች፣ ትንፋሿም ይፈጥናል፤ ስሪዲ (ባለ ሦስት አውታር) ምስልን ደግሞ እንደ እንቅስቃሴ የሚያበላሸው ነገር የለም። ጠርሙሱን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ጥቂት አቆይቶ ሙቀቱን በራስ ክንድ ላይ መሞከር ይበቃል።

ከዚያ በተለመደው ቱዲ (ጠፍጣፋ) ምስል የሚፈለገውን ክፍል ማግኘትና ጥልቀቱንና ጌይኑን (የምስሉን ድምቀት) ማስተካከል ይቀጥላል። የፅንስ ፊት ከሆነ ከፊቱ የእንሽርት ውኃ ሊኖር ይገባል።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ፎከስ ላይ ነው። ከፕሮቡ (ሆድ ላይ ከሚያርፈው መቃኛ) የሚወጣው የድምፅ ሞገድ እየጠበበ ሄዶ በአንድ ጥልቀት ላይ እጅግ ይቀጥናል፣ ከዚያ አልፎ መልሶ ይሰፋል፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ነጥቦች ተለይተው የሚታዩትም እዚያው ቀጭኑ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ በስክሪኑ ዳር ያለችው የፎከስ ምልክት ከሚታየው ክፍል ጋር እኩል ወይም ጥቂት ዝቅ ብላ ትቀመጥ። ፎከሱን ሁለትና ሦስት ማድረግ ቅኝቱን ስለሚያዘገየው እኔ አንዱን እመርጣለሁ። ማሽኑ ድምፅ በሰከንድ 1540 ሜትር እንደሚጓዝ አድርጎ ያሰላል፤ በስብ ውስጥ ግን ፍጥነቱ ወደ 1450 ስለሚወርድ ፎከሱ ይደበዝዛል፤ መፍትሔው ፕሮቡን ስቡ ወደሚሳሳበት ቦታ ማዞርና ሃርሞኒክን (ከሚመለሰው ሞገድ ድግግሞሹ እጥፍ በሆነው ምስል የሚሠራውን ስልት) ማብራት ነው።

አንድ ቀን ከቀጭን እናት በኋላ ፎከሱን 4 ሴንቲ ሜትር ላይ እንደተወሁት 9 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ ፊት ቃኘሁ። በላይኛው ከንፈር ላይ ስንጥቅ የመሰለ ጥቁር መስመር አየሁና «እህቴ፣ የሚያጠራጥር ነገር አለ» አልኳት። የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ ዝም አለች። ፎከሱን አውርጄ ስደግመው ከንፈሩ ሙሉ ነበር። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ቱዲው ላይ ያላረጋገጥኩትንም ከዚያ ወዲህ አልናገርም።

በመጨረሻም የቅኝት ሳጥኑን (በስክሪኑ ላይ የሚቃኘውን ቦታ የሚከልለውን) አጥብቦ፣ ጥራቱን ከፍ አድርጎ፣ ነፍሰ ጡሯን «ትንፋሽዎን ይያዙ» ብሎ፣ የፕሮቡ ሞተር ቅኝቱን እስኪጨርስ እጅን አለማንቀሳቀስ ነው። ከሚወጡት ሦስት ገጾች (ክፍሉን በሦስት አቅጣጫ ቆርጠው ከሚያሳዩት ምስሎች) በስሌት የሚገነባው ሦስተኛው ሁልጊዜ ደካማ ስለሆነ ጥራቱ የሚመዘነው በመጀመሪያው ገጽ ነው፤ እሱ ከደበዘዘ ማለስለሻ ፊልተር ጉድለቱን ከመሸፈን በቀር ስለማይጠቅም ቮልዩሙን (የተቀዳውን የስሪዲ ቅኝት) አጥፍቶ እንደገና መቃኘት ይሻላል።