የቆዩ ፖስቶችን ማውረድና መመልከት፦ ከቅጹ እስከ መሰረዙ

ፌስቡክም ሆነ ኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) እስካሁን የጻፋችሁትን ሁሉ በዚፕ፣ ማለትም ብዙ ፋይሎች ተጨምቀው በታሸጉበት አንድ ፋይል ይሰጧችኋል፤ መጠየቁም የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ብዙ ሰው ግን ፋይሉን ሲከፍት ወይ የአንድ ዓመት ፖስት ብቻ ያገኛል፣ ወይ ፎቶዎቹ ጥራታቸው ወርዶ ይመጡበታል፣ ወይ አማርኛው የማይነበብ የምልክት ክምር ሆኖ ይጠብቀዋል። ሦስቱም ችግሮች የሚመጡት ከማውረዱ በፊት፣ ፋይሉን ለመጠየቅ በሚሞላው ቅጽ ላይ ያለውን ምርጫ ሳያዩ ከማለፍ ነው።

ፌስቡክና ኢንስታግራም የሚጠየቁት ከአንድ ቦታ ነው። ከሴቲንግስ ወደ «አካውንትስ ሴንተር» ግቡ፤ «ዩር ኢንፎርሜሽን ኤንድ ፐርሚሽንስ»ን፣ ቀጥሎም «ኤክስፖርት ዩር ኢንፎርሜሽን»ን ንኩ። ያልታደሰ አፕ ላይ «ዳውንሎድ ዩር ኢንፎርሜሽን» የሚል ልታዩ ትችላላችሁ፤ ያው ነው። አካውንቱን መርጣችሁ ወደ ራሳችሁ መሣሪያ እንዲወርድ ስታዙ ቅጹ ይመጣል። እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

የቀን ገደቡን ካልነካችሁት ያለፈውን አንድ ዓመት ብቻ ሊያመጣ ይችላል፤ «ኦል ታይም» አድርጉት። የፎቶና የቪዲዮ ጥራቱን «ሃይ» በሉት። ፎርማቱ ደግሞ ለማንበብ ከሆነ ኤችቲኤምኤል (በብራውዘር የሚከፈት ገጽ) ይሁን። ከዝርዝሩ ውስጥ ፖስቶችን፣ ኮሜንቶችንና ግሩፖችን ምረጡ፤ የማስታወቂያና የሎግኢን መረጃውን ተዉት። ሜሴጆችን ለብቻ ብትጠይቁ ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ ፋይሉን የሚያገዝፉትና የሚያዘገዩት እነሱ ናቸው። ፋይሉ ሲዘጋጅ ማሳወቂያ ይደርሳችኋል፤ ከዚያ በኋላ ማውረጃው የሚቆየው 4 ቀን ብቻ ስለሆነ ካለፋችሁ እንደገና መጠየቅ ነው። ትልቅ አካውንት በበርካታ ዚፕ ተከፋፍሎ ይመጣል፤ አንዱም እንዳይቀር።

ጄሶን የሚባለው ፎርማት ለፕሮግራም እንጂ ለዓይን አልተሠራም። በተለይ የፌስቡክና የኢንስታግራም ጄሶን አማርኛን ያበላሻል። ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ሥርዓት አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ ፋይሉ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ የላቲን ፊደል ቆጥሮ ይጽፈዋል። በዚህ ምክንያት «ሰላም» የሚለው ሦስት ፊደል ዘጠኝ ምልክት ይሆናል፣ የሁሉም ፊደሎች መነሻም ያው አንድ ምልክት ነው። ይህን ካያችሁ ጽሑፉ አልጠፋም። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚችል ሰው ጽሑፉን በላቲን-1 ኢንኮድ አድርጎ በዩቲኤፍ-8 ዲኮድ ቢያደርገው ወደ ቦታው ይመለሳል። የማይችል ግን በኤችቲኤምኤል እንደገና ይጠይቅ፤ ያ ይቀላል።

ኤክስ ላይ መንገዱ «ሴቲንግስ ኤንድ ፕራይቬሲ»፣ «ዩር አካውንት»፣ «ዳውንሎድ አን አርካይቭ ኦፍ ዩር ዳታ» ነው። ፓስወርድና የማረጋገጫ ኮድ ይጠይቃል፣ ዝግጅቱም 24 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ውስጡ «ዩር አርካይቭ» የተባለ ገጽ አለ፤ ያለ ኢንተርኔት በብራውዘር ይከፈታል። ገጹን ብቻ ነጥላችሁ ሌላ ቦታ ብትወስዱት ባዶ ይሆናል፤ ጽሑፉ ያለው አጠገቡ ባለው ዳታ ፎልደር ውስጥ ነውና።

ቴሌግራም ከስልክ አይሆንም፤ በኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ቴሌግራም ዴስክቶፕ ያስፈልጋል። ቻናላችሁን ክፈቱ፣ ሦስቱን ነጥቦች ነክታችሁ «ኤክስፖርት ቻት ሂስትሪ» በሉ። የፋይል መጠን ገደቡ 8 ሜጋባይት ላይ ተቀምጦ ነው የሚመጣው፤ ካላሳደጋችሁት ከዚያ የሚበልጡት ቪዲዮዎች ይዘለላሉ። ሙሉ አካውንቱን ለማውጣት ደግሞ ለደኅንነት ሲባል አንድ ቀን ሊያስጠብቃችሁ ይችላል።

ዚፑን ሳትፈቱ ከውስጡ ገጹን አትክፈቱ፤ ፎቶዎቹ አይታዩም። ለመፍታት የዚፑን ያህል ተጨማሪ ባዶ ቦታ ይኑራችሁ። ዊንዶውስ ላይ የፋይሉ መንገድ (ከነፎልደሮቹ ስም ያለው ሙሉ አድራሻ) ከ260 ፊደል ካለፈ መፍታቱ ሊቋረጥ ስለሚችል በዲስኩ መነሻ ላይ አጭር ስም ያለው ፎልደር ፍጠሩና እዚያ ፍቱት። ፋት 32 በሚባለው የፋይል አደረጃጀት የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ኤክስፋት በሚባለው አደረጃጀት ፎርማት አድርጉት፤ ግን ፎርማት ማድረግ ፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ እንደሚያጠፋ አትርሱ። ስልክ ቁጥራችሁና የግል ወሬያችሁ ሁሉ ውስጡ ስላለ ይህን ሥራ በሰው ኮምፒውተር ላይ አትሥሩ። ሳትጠይቁ «ፋይላችሁ ተዘጋጅቷል» የሚል ማሳወቂያ ከመጣ ደግሞ አካውንታችሁ ውስጥ ሌላ ሰው ሊኖር ይችላል፤ በኢሜይሉ ሊንክ ሳይሆን በአፑ ገብታችሁ ፓስወርድ ቀይሩ።

አሁን ማንበብ። ፌስቡክ ላይ ከመነሻው ገጽ ወደ ፖስቶቹ ግቡ። አንድ ነገር ስትፈልጉ ኮምፒውተር ሞክሼ ፊደላትን እንደማያውቅ አስታውሱ፦ «ሠርግ» ብላችሁ ብትፈልጉ «ሰርግ» ብላችሁ የጻፋችሁት አይመጣም። ሁለቱንም ሞክሩ፣ ወይም የማይለወጠውን ክፍል ብቻ፣ «ርግ» ብላችሁ ጻፉ፤ እርግብና እርግጠኛም አብረው ቢመጡ ምንም አይደል። የግዕዝ ኪቦርድ ሳይኖራችሁ በላቲን ፊደል የጻፋችኋቸውንም በላቲን መፈለግ አለባችሁ፤ አጻጻፉ በየፖስቱ ሊለያይ ስለሚችል በአጭሩ ቁራጭ ጀምሩ።

በዚፑ ውስጥ የማታገኙትም አለ። የእናንተ ኮሜንት ይመጣል፤ ሌሎች በፖስታችሁ ሥር የጻፉት ግን በአብዛኛው አይመጣም። ለብዙ ፖስት ጣዕሙ እዚያ ስለሆነ የምትወዷቸውን መርጣችሁ በብራውዘር ክፈቱ፣ ኮሜንቶቹን ሁሉ ዘርግታችሁ በ«ፕሪንት» በኩል ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ፌስቡክ ላይ ላይቭ የምትገቡ ደግሞ ቶሎ በሉ፤ ከየካቲት 2025 ጀምሮ አዲስ የላይቭ ቪዲዮ የሚቆየው 30 ቀን ብቻ ነው።

መሰረዝ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ዚፑ ተፈትቶ፣ ከመጀመሪያው ዓመትና ከመጨረሻው ጥቂት ፖስቶች ተከፍተው ከታዩና ሌላ ቦታ ላይ ሁለተኛ ኮፒ ከተቀመጠ በኋላ። ፌስቡክ ላይ በ«አክቲቪቲ ሎግ» በዓመት ለይታችሁ ብዙውን በአንድ ጊዜ መምረጥ ትችላላችሁ። «አርካይቭ» ከሰው ዓይን ብቻ ይሰውረዋል፤ «ትራሽ» ግን ከ30 ቀን በኋላ ያጠፋዋል። ስለዚህ የምታመነቱበትን ሁሉ አርካይቭ አድርጉት። «ሊሚት ፓስት ፖስትስ» ለሁሉም ክፍት የነበሩትን የድሮ ፖስቶች በአንዴ ለጓደኛ ብቻ ያደርጋል፤ ሐሳብ ብትቀይሩ ግን አንድ በአንድ ነው የምትመልሷቸው። ኤክስ ላይ የተሰረዘ ፖስት የሚመለስበት ትራሽ የለም። ቴሌግራም ላይም ከቻናላችሁ ብትሰርዙት፣ ፎርዋርድ የተደረገው ኮፒ በሄደበት ግሩፕ ይቀራል።