«ብሬ ነዋ!» ከማለታችሁ በፊት

አባዬ ሐዋሳ፣ አቶቴ ሰፈር ሱቅ ነበረው። አስቤዛ ሲያልቅ እማዬ መሳቢያውን ስባ ብር ታወጣለች። «ስንት ወሰድሽ?» የሚላት የለም። እንግሊዝ መጥቼ የጽዳት ሊሚትድ ካምፓኒ ሳቋቁም ይሄው ልማድ ተከትሎኝ መጣ። ለፋሲካ በግ መግዣ ብዬ ከካምፓኒው አካውንት 300 ፓውንድ ወደ ቤት ላክሁ። ሐበሻው አካውንታንቴ ስቴትመንቱ ላይ ጣቱን አስቀምጦ «ይቺ ምንድን ናት?» አለኝ።

«ብሬ ነዋ!»

አልነበረም። እዚህ ካምፓኒው በሕግ ፊት ራሱን የቻለ ሰው ነው። ብቸኛ ባለቤት ብትሆኑም ገንዘቡን ለራሳችሁ የምታወጡት በደመወዝ ወይም በዲቪደንድ፣ ማለትም በትርፍ ድርሻ ነው። የኔ በግ ዕዳ ሆና ተመዘገበች። የሒሳብ ዓመቱ ካለቀ በኋላ በ9 ወር ከ1 ቀን ውስጥ ባልመልስ ኖሮ ካምፓኒው ግብር ይጠየቅባት ነበር። (በተማሪ ቪዛ ያላችሁ ግን ይሄን ሁሉ ተዉት። የራስን ሥራ መሥራት አይፈቀድላችሁም።)

በ2025/26 የግብር ዓመት ሌላ ገቢ የሌለው ሰው እስከ 12,570 ፓውንድ ደመወዝ የገቢ ግብር የለበትም። ብዙዎች ደመወዛቸውን እዚያ ላይ ያቆማሉ። ካምፓኒው ግን ከ5,000 በላይ ባለው ላይ 15 በመቶ ናሽናል ኢንሹራንስ፣ ማለትም የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ይከፍላል፤ ወደ 1,136 ፓውንድ ይመጣል። ይቆጫል። ቢሆንም በ2025/26 ደመወዛችሁ 6,500 ከደረሰ ዓመቱ ለጡረታ ይቆጠርላችኋል። «ዲቪደንድ ብቻ ይበቃኛል» የሚሉ ጓደኞቼ ይቺን ይረሷታል።

ዲቪደንድ የሚወጣው ከትርፍ ብቻ ነው። ባንክ ውስጥ ብር ስላለ ትርፍ አለ ማለት አይደለም። የ12,570ው ደመወዝና ወጪ ሁሉ ተቀንሶ 10,000 ተረፈ እንበል። 19 በመቶ የካምፓኒ ግብር 1,900 ይወስዳል። የቀረውን 8,100 ብትወስዱት የመጀመሪያው 500 ነፃ ነው፤ በ2025/26 ሒሳብ በ7,600ው ላይ 8.75 በመቶ፣ 665 ፓውንድ ከራሳችሁ ኪስ ትከፍላላችሁ። ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ 8.75ቱ 10.75 በመቶ ሆኗል። ይህን ግብር ማንም ቀድሞ አይቆርጥላችሁም። ሰልፍ አሰስመንት፣ ማለትም ገቢያችሁን ራሳችሁ የምታስታውቁበትን የግብር ቅጽ ሞልታችሁ እስከ ጃንዋሪ 31 ትከፍላላችሁ፤ ስለዚህ የግብሩን ብር ከወዲሁ ለብቻው አስቀምጡት።

ወረቀቱን አትናቁ። ዲቪደንድ በወሰዳችሁ ቁጥር ቀን፣ የካምፓኒው ስም፣ የተቀባዩ ስምና መጠኑ ያለበት ቫውቸር ይጻፋል። የዳይሬክተሮች ስብሰባ ቃለ ጉባኤም ያስፈልጋል፤ ዳይሬክተሩ አንድ ብቻ ቢሆንም። የመጀመሪያዬን ማድ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ቡናዬን ይዤ፣ ከራሴ ጋር ተሰብስቤ ፈረምኩ። እማዬ ስትደውል «ስብሰባ ላይ ነኝ» አልኳት።

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

ዝም አለች። ከዚያ «ምሳ በልተሃል ግን?» አለችኝ።