ክረምት ሲገባ የመብራት ሂሳብ የሚያንሩ ስህተቶች

ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲጠና ጅማ ውስጥ በየቤቱ የሚሰማው ቅሬታ አንድ ነው፤ «ካርዱ ሞልተነው ሳንውል ሳናድር አለቀ!» የጊልጌል ጊቤ ግድብ ቅርባችን ቢሆንም ታሪፉ እንደ ሌላው አገር ነው፤ እሱም ከመስከረም 2017 ወዲህ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ መጥቷል። ታሪፉን መቀነስ አንችልም። ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚወጣ ማወቅ ግን እንችላለን። የሚወጣው ደግሞ ሙቀት በሚሰጡ ዕቃዎች በኩል ነው።

አምፖል ላይ ብቻ መቆጣት። አሥር ዋት የኤልኢዲ አምፖል 1 ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪው ፍጆታችንን የሚቆጥርበት መለኪያ) ለመጨረስ 100 ሰዓት መብራት አለበት። 3,500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ያንኑ በ17 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል። አምፖል ማጥፋቱ ጥሩ ነው፤ ሂሳቡ ያለው ግን ማዕድ ቤት ነው።

ሊጡ ሳይደርስ ምጣድ ማጋል፣ እሱም በምሽት። በብርድ ሊጥ ቶሎ አይነሳም። ምጣዱ ግሎ ሊጡ ሲጠበቅ ገንዘብ ይቃጠላል። ምሽት ላይ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ስለሚጠቀም ኃይሉ ይወርዳል። ከ220 ወደ 180 ቮልት ከወረደ 3,500 ዋት የነበረው ምጣድ የሚሰጠው 2,300 ገደማ ብቻ ነው። እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ጋጋሪዋ ትቆያለች፣ ሙቀቱም በከንቱ ይባክናል። ከቻላችሁ ቀን ጋግሩ። በየሁለት ቀኑ አምስት አምስት እንጀራ ከማውጣት የሳምንቱን አንዴ መጨረስ ይሻላል፤ ምጣዱን ከቀዝቃዛ ማንሳቱ ራሱ ወጪ ነውና። የመጨረሻዎቹን አንድ ሁለት እንጀራ ምጣዱን አጥፍታችሁ በያዘው ሙቀት አውጡ። አክንባሎው በደንብ የማይገጥም ከሆነ ቀይሩት።

እርጥብ ልብስ በካውያ ማድረቅ። ይህን የጅማ ሰው በደንብ ያውቀዋል። ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶ እርጥበቱ አይለቅም፤ ጠዋት ሰዓት ሲደርስ ካውያው ይሰካል። ጂንስ ላይ እንፋሎቱ ቡፍ ሲል ያያችሁት ውሃው ብዙ ሙቀት እየበላ ነው። ሲታጠብ አጥብቃችሁ ጭመቁት፣ ነፋስ የሚያገኘው በረንዳ ላይ አራርቃችሁ ስጡት፤ ካውያውን ልብሱ ሊደርቅ ትንሽ ሲቀረው ተጠቀሙ፣ የቤቱንም ልብስ ባንዴ ተኩሱ።

ቦይለሩን እንደተሰካ መተው። ማንም ሳይታጠብበት ውሃው በቀዘቀዘ ቁጥር እንደገና ያሞቃል። ከመታጠባችሁ በፊት አብሩት፣ ከዚያ አጥፉት።

የኤሌክትሪክ ምድጃ ለኩሶ ቤት ማሞቅ። ሁለት ሺህ ዋት ምድጃ ማታ ማታ ለ4 ሰዓት ቢበራ በወር 240 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ኮርኒስ የሌለው ቤት ከሆነ ሙቀቱ በቆርቆሮው በኩል ይወጣል። ኮርኒስ ማሠራት፣ ካልሆነም የበርና የመስኮቱን ክፍተት መድፈን ይቅደም። ጋቢ ደርቦ መቀመጥም ያው የኛው ነው።

ከሰል መኝታ ቤት ማስገባት። መብራት ተወደደ ብሎ በር ዘግቶ ከሰል ማቀጣጠል ሰው ይገድላል። «ፍም ሆኗል፣ ጭስ የለውም» ብላችሁ አትዘናጉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይወስደዋል። ቡናም ቢፈላ በር ተከፍቶ ይሁን፤ ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃውን ከነፍሙ ውጭ አውጡት። እባካችሁ፣ በተለይ ልጆች ያሉበት ቤት።

በአንድ ቆጣሪ ብዙ ቤት መጠቀም። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በደረጃ የተከፈለ ነው፤ ዝቅተኛው በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ ነው፣ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ሦስት ተከራይ እያንዳንዱ 45 ቢጠቀም ለየብቻ ሁሉም ዝቅተኛው ላይ ነበሩ። በአንድ ቆጣሪ ግን 135 ይሆንና ከፍ ያለው ውስጥ ይገባሉ። አከራይ የሚገጥመው ትንሿ ቆጣሪ ክፍያውን በትክክል ለመካፈል እንጂ ደረጃውን ለማውረድ አትጠቅምም። ለዚህ መፍትሔው ለየቤቱ ራሱን የቻለ ቆጣሪ ማስገባት ነው።